ከትከሻ በላይ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ታላቁ ልጄ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ቴሌቪዥኑ እንደ ልማዱ ለራሱ ያወራል፤ እኔም እንደ ልማዴ አልሰማውም። ድንገት ቀና ስል ሴቶች ሆኪ ይጫወታሉ። የዓለም የሴቶች ሻምፒዮና ነው። ከየአገሩ የመጡ ልጃገረዶች፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ሸብ አድርገው፣ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው፣ ምንጣፍ በመሰለ ሜዳ ላይ ይበርራሉ። መነጽሬን ከቦርሳዬ ስፈልግ፣ ከቦርሳዬ አጥቼ ግንባሬ ላይ እስካገኘው ድረስ የልጅ ልጄ መቆጣጠሪያውን አንስቶ የእንግሊዞችን እግር ኳስ አመጣው።

«መልሰው!» አልኩት።

«እማማ፣ ምን ያደርግልዎታል? ሴቶች ዱላ ይዘው ሲራወጡ ነው እኮ።»

በዚህ ዕድሜዬ ደሜ ፈላ። ይህንኑ ቃል፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከስንት ትልልቅ ሰው አፍ ሰምቼው ነበር! «እኔም እኮ ተጫውቻለሁ» አልኩት፤ «ከኬንያ ሴቶች ጋር፣ ኢትዮጵያን ወክዬ።» ምራቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ልጁ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «የለም» አለኝ። የለም! ሁለት እግሬ ይዞኝ የሮጥኩበትን ሜዳ የለም አለኝ። ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይኸው እዚያ ካልተገኘ እዚህ ይገኝ ብዬ እጽፋለሁ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ጃንሆይ በዙፋናቸው ነበሩ፤ ሻይ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ሻዩን ከነዳቦው ጠጥቶ መልስ ይቀበል ነበር። ደብረ ማርቆስ ማለት ያኔ አንድ ዋና መንገድና ግራ ቀኙን የያዘ ባሕር ዛፍ ናት። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ግራሞፎን ሲያመጣ አብሮ ያመጣው ሸክላ አንድ ብቻ ነው። ዘፈኑ ጥሩ ነበር፤ ሸክላው ግን መሐሉ ላይ ስለተጫረ ዘፋኙ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያለ አንድ ቦታ ይሰነቀራል። ባለቤቱ ከጓዳ ወጥቶ በጣቱ እስኪገፋለት ድረስ ልጅቱ አትመጣም። ከተማው ሁሉ ያንን ያላለቀ ጥሪ እየሰማ ይውላል፤ አንድ ሰው እንኳ «ሌላ ሸክላ ግዛ» አይለውም። እንዲያ ያለ ትዕግሥት ነበረን። እኔ ያን ጊዜም አልነበረኝም። የኛ የሴት ተማሪዎች ልብስ ሰማያዊ ቀሚስ ነው፤ እግራችን ላይ ሸራ ጫማ። ጫማውን ለማንጣት ከጥቁር ሰሌዳው ሥር የወደቀውን ጠመኔ ለቅመን፣ በውሃ በጥብጠን እንቀባዋለን። የጎጃም ዝናብ ደግሞ ገና ከቤት ስንወጣ አጥቦ ይወስደዋል። አሁን የልጅ ልጄ ጫማ ሲገዛ ዋጋውን ስሰማ፣ ያ ጠመኔ ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ደግሞ እናደዳለሁ።

የሒሳብ መምህራችን ሚስ ሊላ ይባሉ ነበር። ከደቡብ ሕንድ የመጡ፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ናቸው። የጮቄ ተራራ ንፋስ ስለማይችላቸው ሳሪያቸው ላይ የወንድ ሹራብ ይደርባሉ፤ ከሳሪያቸው ሥር ወፍራም የወንድ ካልሲ ብቅ ይላል። የእሳቸውም አገር ቤተ ክርስቲያን ኦርቶዶክስ ነው፤ ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ፤ በዚህ የተነሳ የገበያ ሴቶች ሽንኩርት ሲሸጡላቸው ይመርቁላቸዋል። አማርኛቸው ውስጥ ግን «እርስዎ» የሚባል ቃል አልነበረም። ዘበኛውም «አንተ»፣ ዲሬክተሩም «አንተ»፣ ቆሞሱም «አንተ» ናቸው።

በገና ቀን ከተማው እንደ ልማዱ ውሰታ ወንዝ ዳር ካለው ሜዳ ወጣ። ወንዶቹ ለሁለት ተከፍለው፣ የገና ዱላቸውን ይዘው፣ ሩሯን እያሯሯጡ ይጋጫሉ። ሩር ማለት ኳሷ ናት። የአንዱ ግንባር ደምቷል፤ የአንዱ ጋቢ ጭቃ ውስጥ ተረግጧል፤ ሽማግሌዎቹ ዳር ቆመው «በለው!» ይላሉ። ሚስ ሊላ እጄን ይዘው ቆመው ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በአገራቸው ኮሌጅ ሲማሩ ሆኪ ተጫዋች ነበሩ ለካ።

«ይሄ ሆኪ ነው» አሉኝ። «ሴቶቹ የት አሉ?»

«ሴቶቹ ያያሉ።»

«ማየት ጨዋታ ነው?»

ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ሲከፈት «መጫወት የምትፈልግ እጇን ታውጣ» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ሴቶች መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ይታይሽ ናት። ይታይሽ ከአምበር መጥታ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ የምትማር፣ ወንድሞቿ በመስክ ሲጫወቱ አብራ ያደገች፣ ክንዷ የእርሻ ሞፈር የሚመስል ልጅ ነበረች። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ አትጠገብ፤ የመሪጌታ ልጅ። ሌሎቹ የኛን እጅ አይተው አነሱ። ዱላውን የሚቆርጥልን ሰው ማግኘቱ ራሱ አንድ ክርክር ነበር። ገበያ ላይ ሞፈርና ቀንበር የሚሸጠው ሰውዬ ወይራ በእሳት እያሞቀ ማጉበጥ ያውቅበታል። «ለማን ነው?» አለን። «ለወንድሞቻችን» አልነው። ይታይሽ ግን አንዱን አንስታ ወዝወዝ አድርጋ «ይሄ ለኔ ይከብዳል» አለችው። ሰውዬው ሥራውን ወርውሮ ተነሳ። አክስቷ መጥታ እስክትለምነው ድረስ ስንት ገበያ አለፈ!

እንዲህ ሆነን ከላሞቹ ጋር ሜዳ እየተሻማን ስንለማመድ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ላይ የሴቶች የሆኪ ውድድር ሊደረግ ነው፤ ከኬንያ ይመጣሉ፣ ከኡጋንዳ ይመጣሉ፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ የውጭ አገር ሴቶችም ቡድን አላቸው። ከኢትዮጵያውያን ግን አንድም የሴት ቡድን የለም። አዘጋጆቹ ባለ አገሩ የሌለበት ግብዣ ሆኖባቸው ሲፈልጉ፣ ሚስ ሊላ «እኛ አለን» ብለው ላኩባቸው። «ኑ» ተባልን።

አሁን ሰው ምን ይላል? «እንኳን ደስ አላችሁ» አይደል የሚባለው? ዲሬክተራችን አቶ ጌትነት ስብሰባ ጠሩ። ወላጆች መጡ፣ የአውራጃው ሹም መጡ፣ ካህናት መጡ። ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ሦስት ጊዜ የተነጋገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ጉልበት። ጉልበታቸው ይታያል ወይ? ሲሮጡስ? ሲወድቁስ? ሚስ ሊላ በአገራቸው የሰሜን ሴቶች የሚለብሱትን ሰፊ ሱሪ በወረቀት ነድፈው አሳዩ። አባቴ «በኦሪት ክልክል ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱላቸው። ስለ ጨዋታው፣ ስለ ሜዳው፣ እንችላለን ወይስ አንችልም ስለሚለው አንድ ሰው አልጠየቀም። በመጨረሻ የተፈቀደልን ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ነው። እስኪ በቁርጭምጭሚት ቀሚስ ሩጡ! የመጀመሪያ ቀን ግማሾቻችን በአፍጢማችን ተደፋን። ይታይሽ ብቻ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አደረገችና «ጨሞጋ ወንዝን ስንሻገር ምንድን ነው የምናደርገው? ያን ጊዜ ሹሙ የት ነበሩ?» አለች። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም እንደሷ አደረግን፤ ሰው ሲመጣ እናወርደዋለን።

ሊፈቅዱልኝ የቀሩት አባቴ ናቸው። አባቴ ዲማ ቅኔ ተምረው፣ ደብረ ማርቆስ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ለስብሰባ የሰጡት ቃል ሌላ፣ ለልጃቸው የሚሰጡት ሌላ ነው።

«ዳዊት ድገሚ ብዬ ፊደል ባስቆጥርሽ ዱላ ያዝሽ?» አሉኝ።

«አባ፣ በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ ይባል የለ?»

«ጌታ አልተቆጣ ይሆናል። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ።»

ለሚስ ሊላ አልቅሼ ነገርኳቸው። አንድ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሳይነግሩን ቤታችን መጡ። እናቴ ደንግጣ ሽሮ አቀረበች። ሚስ ሊላ ሳይቆርሱ «ቅቤ አለው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ በጾም ቀን እንዲህ መጠየቋ ቢከፋትም፣ ጾም ማወቃቸው ደስ አላት። አባቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ሚስ ሊላ በልተው እጃቸውን ታጠቡና ፊታቸውን ወደ አባቴ አዙረው፣

«አንተ ጥሩ አስተማሪ ነህ ይላሉ» አሏቸው። «እኔም አስተማሪ ነኝ። አንተ ተማሪህን ትጠብቃለህ። እኔም ተማሪዬን እጠብቃለሁ።»

በሕይወቴ አባቴን አንተ ሲባሉ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ማሰሮውን እንደያዘች ቀረች። አባቴ ጢማቸውን ዳሰሱና ሳቅ አመለጣቸው።

«ምን ታደርጊያለሽ» አሉ ወደ እናቴ ዞረው። «ዳዊትም እግዚአብሔርን አንተ ነው የሚለው። ትሂድ።»

ሄድን። እንዴት እንደሄድን ግን ዛሬም ሳስበው ጥርሴን አፋጫለሁ። አቶ ጌትነት የቡድን መሪ ሆነው አብረውን ተነሱ። ከሹፌሩ ጎን ፊተኛውን ወንበር ያዙ። ለአዲስ አበባ ዘመዶቻቸው የሚሰጡትን ሙክት ከአውቶቡሱ አናት፣ ከዱላዎቻችን አጠገብ አሳሰሩት። ሙክቱ ከማርቆስ ጀምሮ ይጮኻል። አምበር ስንደርስ «ቅቤ የሚሰጡኝ ሰዎች አሉ፤ አንድ ጊዜ» ብለው ወረዱ። ያ አንድ ጊዜ ፀሐይዋን አናታችን ላይ አደረሳት። ሚስ ሊላ ሰዓታቸውን እያዩ «ጨዋታው ነገ ጠዋት ነው» ይላሉ፤ ሹፌሩ «ዲሬክተሩን ጥዬ ልሂድ?» ይላል። አቶ ጌትነት የቅል ቅቤያቸውን ታቅፈው እየሳቁ መጡ። ሉማሜ ስንገባ ደግሞ አንድ ነገር ቀጭ አለና አውቶቡሱ ወደ አንድ ጎኑ ተኛ። ባሌስትራው፣ ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ ተሰብሯል። መለዋወጫው ከማርቆስ ነው የሚመጣው። እዚያው ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ አደርን። በማግስቱ ጠዋት፣ አዲስ አበባ ላይ ስማችን በሚጠራበት ሰዓት፣ እኛ ሉማሜ መንገድ ዳር ተቀምጠን ሙክቱ ሣር ሲግጥ እናያለን። ይታይሽ ተነስታ ዱላዋን ከአናት አስወረደች። «ተነሱ፤ ቁጭ ብለን ከምንሸነፍ እንጫወት» አለች። መንገዱ ላይ ተጫወትን። የሉማሜ ሰው ወጥቶ ከበበን። አንድ ሽማግሌ ብቻ «እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» ብለው ጠየቁ፤ አቶ ጌትነት ወደ ሻይ ቤቱ ውስጥ ገቡ።

ባሌስትራው ተተክቶልን ዓባይን ወርደን፣ ወጥተን፣ አቧራ ለብሰን ሜዳው ስንደርስ ሰዉ እየተበተነ ነበር። ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ፈረንጅ አዘጋጅ ወረቀታቸውን ገልጠው አዩን። ሚስ ሊላ ኋላ እንደተረጎሙልን ንግግሩ እንዲህ ነበር፦

«አልመጣችሁም።»

«ይኸው መጥተናል።»

«መጥታችኋል። ነገር ግን በሰዓቱ አልመጣችሁም። ስለዚህ አልመጣችሁም። በፎርፌ ተሸንፋችኋል።»

እኒያ ዝምተኛ ሴት፣ ስንሳሳት እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉት ሚስ ሊላ፣ በገዛ አገራቸው ቋንቋ መጮኽ ጀመሩ። አንድም ቃል አልገባንም፤ ሁሉም ገባን። ይታይሽ ዱላዋን ተደግፋ ቆማለች፤ እኔ አለቀስኩ። ይህን ጊዜ የኬንያ ቡድን አለቃ፣ ረጅም ልጅ፣ ብርቱካን እየላጠች መጣችና ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሰማችና ትከሻዋን ነቀነቀች። «ነገ ጠዋት ልምምድ አለን። ልምምዱን ትተን ከነሱ ጋር እንጫወታለን። ዳኛ ስጡን» አለች። ባለ ባርኔጣዋ «ለወዳጅነት ከሆነ» ብለው ፈቀዱ። የብርቱካኑን ግማሽ ለኔ ሰጠችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ እግዜር ይስጣት።

በማግስቱ ጠዋት ገባን። ሣሩ ተላጭቷል! ውሰታ ዳር ሩሯ ድንጋይ እየመታች፣ የላም እግር እየነካች ነው የምትመጣው፤ እኛም እሷን መጠበቅ ለምደናል። እዚያ ግን ኳሷ እንደ ውሃ ቀጥ ብላ ትመጣና፣ እኛ ስንዞር አልፋን ሄዳለች። ኬንያዎቹ እየተቀባበሉ አንድ አገቡ፣ ሁለት አገቡ። ሦስተኛው ሲገባ ቀሚሳችንን መቀነታችን ውስጥ ሻጥ አደረግን። አቶ ጌትነት ከዳር ሆነው «ልጆች! ቀሚስ! ቀሚስ!» ይላሉ። ማንም አልሰማቸውም። ዳር ላይ ወሬ ሰምተው የመጡ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጎጃም ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶቹ ጃንጥላ ይዘው፣ ወንዶቹ ካፖርት ደርበው። ኳስ በነካን ቁጥር እልል ይላሉ። ስንሸነፍ ይሁን ስናሸንፍ ግድ አልነበራቸውም።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሷን እኔ አገኘሁ። ወደ ቀኝ አየሁ፤ ይታይሽ እየሮጠች ነው። ላክሁላት። ሁለት ልጆች አልፋ ከበሩ ፊት ደረሰች፤ በገና ሜዳ ወንድሞቿ ሲያደርጉ እንዳየችው ዱላዋን ከትከሻዋ በላይ፣ እስከ አናቷ ድረስ አነሳችና መታቻት። በረኛዋ እጇን ሳትሰነዝር ኳሷ መረቡን ገፋችው። ፊሽካ ተነፋ። እልልታው ቀለጠ። ይታይሽ ዱላዋን ጥላ እስክስታ ወረደች። ዳኛዋ ግን እጇን ወደኛ በር ዘርግታ ቆማለች።

«ምን አለች?» አለች ይታይሽ።

ሚስ ሊላ ከዳር ሮጠው ገቡ። «ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሳም። ሕጉ ነው። አልተቆጠረም።»

«ሩሯ መረብ ውስጥ ናት።»

«ናት። ግን...»

«ሂጂና እያት በሏት!»

ዳኛዋ ሄዳ አላየችም። ሰባት ለዜሮ አለቀ። ኬንያዎቹ እጃችንን ጨበጡን፤ ረጅሟ ልጅ የይታይሽን ክንድ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ለጓደኞቿ አሳየቻቸው።

ተመለስን። ባንዲራ ስንሰቅል አቶ ጌትነት «ተማሪዎቻችን በመልካም ሥነ ምግባር ሄደው በመልካም ሥነ ምግባር ተመልሰዋል» ብለው ወረዱ። ይኸው ነው። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «ጉልበታችሁን ሰው አየው?» ይለናል፤ «አዲስ አበባ በርበሬ እንዴት ነው?» ይለናል። ሚስ ሊላ ውላቸው አለቀና ክረምት ሳይገባ ወደ አገራቸው ሄዱ። ዱላዎቻችንን ዲሬክተሩ ለወንዶቹ አከፋፈሏቸው። ይታይሽ ዓመቱ ሳይሞላ አምበር ተዳረች፤ ዛሬ የስንት ልጅ አያት ናት። ገበያ ስንገናኝ ሰላምታዋ እንኳ አንድ ነው፤ «አትጠገብ፣ ገብታለች አይደል?» እኔም «ገብታለች እንጂ!» እላታለሁ። ከዚያ ነው ስለ ጤና የምንጠያየቀው።

ከሁሉ ግን የተመለስን ሰሞን የነበረውን እሑድ አልረሳም። አባቴ ከቅዳሴ ገቡ። ከተመለስኩ ጀምሮ አላናገሩኝም፤ እኔም ፈርቼ ጥግ ጥጉን ነበር የምሄደው። ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ መቋሚያቸውን በእጃቸው እንደያዙ መደብ ላይ ተቀመጡና ጠሩኝ። አሁን ስለ ጉልበት ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ቀሚሴን ወደ ታች ጎተትኩ።

«ስንት ለስንት ሆናችሁ?» አሉ።

በአገሩ ሁሉ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። «ሰባት ለዜሮ፣ አባ። ተሸነፍን።»

«ዜሮ? አንድ እንኳ?»

«አንድ ገብቶ ነበር። ከለከሉን።»

«ከገባ በኋላ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሣሩን፣ ቀሚሱን፣ እኔ የላክኋትን ኳስ፣ የይታይሽን አመታት፣ ፊሽካውን። አባቴ እየሰሙ ፊታቸው እየቀላ መጣ። ተነሱ። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንዲህ አነሳችው?»

«ከዚያ በላይ፣ አባ።»

«እንዲህ?»

«አዎ፣ እንዲያ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው፣ መሬት የወደቀች ሎሚ ላይ አነጣጥረው መቱ። ሎሚዋ ከግድግዳው ነጥራ የእናቴን እግር መታቻት።

«መሪጌታ! ምን ነካዎት?» አለች እናቴ ከበር።

«ዝም በይ!» አሏት። «ገብታለች እኮ! እነዚያ ሰዎች የሚያውቁት ሕጉን ነው እንጂ፣ ገናን አያውቁም!»